መብራት የሄደ ለት

ቡሬ፣ ቅዳሜ ማታ፤ አምስት ራስ ካንድ ጋቢ ሥር፣
ቴሌቪዥኑ ላይ ካርቱን ኤሊ፣ ባሕር ፍለጋ ስትዞር።
ቋንቋው ባዳ ነው፤ የሚፈታልን አባታችን፣
በርበሬ ሲመዝን ውሎ፣ እያስነጠሰ መሀላችን፤
አንድ ቃል ሳያውቅ ሁሉን ያውቃል፦
“ዕዳዬን ሳልከፍል አልሞትም አለች” ይላል።

ገደሉ ጫፍ ላይ ስትደርስ፣
ድርግም! ይበልጣል ጀመረ ማልቀስ፦
“ወደቀች?”
ከጨለማው ውስጥ አባዬ፦ “የት ትወድቃለች!
ሽመላ አዝሏት ዓባይን ተሻገረች፤
ያውልህ፣ ጣና ደረሰች።”
ይበልጣል ጥቁሩን መስታወት በጣቱ ነካ፦
“አዎ! ሳቀች!”

እሑድ መብራት መጣ፤ ፊልሙም ቀጠለ፤
ኤሊዋ ወደቀች። ከታች ውሃ ጠበቃት። ሽመላ የሚባል የለ።
ይበልጣል ግንባሩን ቋጥሮ፣ ዞረ ወዳባቱ፦
“እነሱ ናቸው የሳቱ።
አጥፋውና የኛን ቀጥል።”