ረጋ የምትል ቃል

ገደራ፣ ጤና ጣቢያው፣ ክፍል ቁጥር አራት፤
ዶክተር ላሪሳ ስክሪኑን አየች፦ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።
ሩስያኛ በሚጎትተው ዕብራይስጧ ተናግራ
ወደ እኔ ዞረች።

«ስኳርዎ ሲበዛ» አልኩ፣ «ደምዎ ቶሎ ይረጋል።»

የጋሽ ስንሻው ፊት በራ።
«ተመስገን! እንጉዳይ ይህን በሰማች!
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ረጋ በል አንተ ሰው› እያለች ስትጨቀጭቀኝ።
የረጋ ወተት አይደል ቅቤ የሚወጣው?
ደሜ ከረጋማ ዳንኩ በይኛ።»

ላሪሳ ሳቃቸውን አይታ ሳቀች፣ ተግባባን ብላ።
እኔ መሐል ቀረሁ፣ አንዲት ቃል ጨብጬ፣
በሁለት ወገን የተሳለች ቢላ።

አይደለም ጋሼ፤ መርጋት ሌላ፣ መረጋጋት ሌላ።
ማር እንበል፣ ብርድ ሲመታው ማሰሮ ውስጥ የሚጠጥር...
«ማርማ የረጋው ነው የሚጥም።»
ይኼም አልሠራ።

እጃቸውን አየሁ።
አውራ ጣታቸው ላይ የቱቦ መቁረጫ የተወው ጠባሳ።
ሃያ ሁለት ዓመት ብርቱካን አጠጥተዋል፣ ጠብታ በጠብታ፣
በዚያ ከዛፍ ዛፍ በሚሄድ ጥቁር ቱቦ፣ ጠዋት ማታ።

«ጋሼ፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት ቱቦው ምን ይሆናል?»
«ይጋገራል። ቀዳዳው ይደፈናል።»
«ቀድሞ የሚደርቀውስ የትኛው ዛፍ ነው?»
«የመጨረሻው ነዋ። አጥር ጥግ ያለው፣ ማንም የማያየው።»

አሉና ዝም አሉ።
ዓይናቸው ወረደ፣
ከልባቸው እጅግ ርቃ
ካልሲ ውስጥ ወደጠቆረችው ትንሿ ጣት።

«ደም የራሱ ጠጋኝ አለው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
«ቁስል ሲያይ ሮጦ የሚደፍን።
ስኳር ያሰከረው ጠጋኝ ግን
ቁስል በሌለበት ይለጥፋል፤
የለጠፈውን የሚያላቅቀውም ክንዱ ዝሏል።»

«እኔም ሻዬን በአራት ማንኪያ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ቀና ብለው፦ «ንገሪያት።
እኔ ዛፍ ደረቀ ብዬ መጋዝ አላነሳም ነበር።
መጀመሪያ የቱቦውን ጫፍ ከፍቼ አጥባለሁ፤
ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠብቃለሁ።
ከዚያ ነው ቅርንጫፍ የማየው።»

ነገርኳት።
«የምን ቱቦ?» አለች ላሪሳ።

ጋሽ ስንሻው እስኪርቢቶዋን ከእጇ ወሰዱ፣
በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ አንድ ረጅም መስመር አሰመሩ፣
ጎንና ጎኑ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፤
ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት ብቻዋን፤
እሷን ከበቧት፣
ደግመው ከበቧት።