ሁለት ክንድ

የማህበሩ መለኪያ እኔ ጋ ነው የሚያድር፣
ከቁምሳጥን ኋላ፣ ከጃንጥላው ጋር፤
ቀይ መስመር አለበት ልክ ሁለት ክንድ ላይ፣
ከዚያ ያለፈ ፈረስ ደጃችንን እንዳያይ።

ጥር ሲጋመስ፣ ድሬ ጥቂት ስትራራ፣
ኒሙ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል በከዚራ፤
ወንበር ይደረደራል፣ ነጭ፣ የኪራይ፣
ድንክ ፈረሶች ይወርዳሉ ከአይሱዙ ላይ፤
ጋማቸው ተጎንጉኖ፣ ሰኮናቸው ዘይት ጠጥቶ፣
አንዱማ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሽቶ ተቀብቶ።
ሁሉም አባት አለው፣ የአባቱም አባት፣
በፋይል ታስሮ፣ ማህተም ያረፈበት።
(እኔ ሰባት ቤት ቁጠሪ ብባል ዛሬ፣
አራተኛው ላይ ነው የሚጠፋኝ ቁጥሬ።)

ሙሜ ዩያ መጣ ከመጋላ ማልዶ፣
በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ወርዶ፤
ጋሪውን ጎረቤት ደጅ አቁሞ ትቶ፣
ጢቆን በልብስ ሳሙና አጥቦ፣ አሽቶ።
ጢቆ ማለት «ትንሹ» ነው፤ ሲገዛው ውርንጭላ፣
ያድጋል ብሎ ነበር ቀን ሲወጣ ኋላ፤
ቀን ግን እንዳጠረ፣ ጢቆም እንዳጠረ፣
ሸንኮራና ሲሚንቶ ሲጎትት ኖረ።

ዱላዬን አስጠግቼ ጫንቃው ላይ ለካሁት፣
ከቀዩ መስመር በታች አንድ ጣት አገኘሁት።
ይገባል ማለት ነው። መዝገቡን ገለጥኩ።
«የአባት ስም» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ።
ሙሜ ጢቆን አየ፣ ጢቆ መሬት ጫረ፣
«አቦ፣ ጋሪ በዪው» ብሎኝ ቀለደ፣ አፈረ።

አልሳቁም። አልተቆጡም። ይኼ ነው ነገሩ፤
ማንም አልሰደበው፤ ክፍት ነበር በሩ።
ወይዘሮ ዓለምሸት ጋማ ትጎነጉናለች፣
የዶክተሩ ልጅ ፎቶ ታነሣለች፣
አቶ ጽጌ ሳምቡሳ ጎርሶ፣ እጁን ጠርጎ፣
ወሬውን ቀጠለ፣ ጀርባውን አድርጎ።
ሳህኑ ላይ ገና አምስት ሳምቡሳ አለ፣
አንድ ሰው ግን ጠፋ «እንብላ» ያለ።

«እንብላ» እኮ ዋጋ አያስከፍልም፣
ከዋንጫም፣ ከዘርም፣ ከስምም አያጎድልም።
ጠላት እንኳ ቢያልፍ ይባላል በመንገድ፤
ሰው እምቢ እንዲል ነው፣ አመስግኖ እንዲሄድ።

ሦስት ወንበር ነበር ከፊቱ፣ ባዶ፤
ድንጋይ ላይ ተቀመጠ ከሐዲዱ ጥግ ሄዶ።

ያን ድንጋይ አውቀዋለሁ።
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከሳቢያን መጥቼ፣
ውርንጭላዬን ይዤ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቼ፣
ማንም «ማነሽ?» ሳይለኝ ቀኑ መሸ። አንጀቴ እያረረ ማልኩ፦
«ሰው አይደለሁም ሁለተኛ እዚያ ከረገጥኩ!»
በዓመቱ አንዷ መጥታ ስሜን ጠየቀችኝ፣
በሁለተኛው ዓመት ዱላውን አስያዘችኝ።

እና ዛሬ ኩሩው ማነው? እነሱ ወይስ እኛ?
ወይስ እኔ፣ ለክቼ የማልፍ ዝምተኛ?
ኩራት መሆኑንም እንጃ፤ ይሆናል ዓይነ አፋርነት፣
ይሆናል የሥራ ብዛት፣ ይሆናል መርሳት፤
ከድንጋዩ ላይ ግን፣ ተቀምጬ አይቻለሁ፣
ሁሉም አንድ ቁመት ነው፤ እመሰክራለሁ።

«ዘጠኝ ቁጥር!» ተባለ፤ «ዘጠኝ!» ተደገመ፤
ከድንጋዩ በቀር ማን እዚያ ቆመ?

ሳህኑን አነሣሁ፣ ዱላውን ጥዬ፣
ደቻቱ ድረስ ሮጥኩ «ሙሜ! ሙሜ!» ብዬ።
አሸዋው ላይ ትንሽ ሰኮና፣ ትልቅ ጫማ፣
ጎን ለጎን ሄደዋል ወደ ማዶ ከተማ።
ደረስኩባቸው። ላቤ ይንጠባጠባል።
«እንብላ» አልኩት። ሳቀ። «አቦ፣ አሁን? ቀዝቅዟል።»
አንዷን ግን አነሣ፣ ለሁለት ከፈላት፤
ግማሿን ዘረጋልኝ፦ «ብዪ እንጂ፣ እንብላት።»

ጢቆ ሳህኑን አሸተተ፣ አስነጠሰ፤
ለሌላ ፈረስ ጭብጨባ ከከዚራ ደረሰ።