ከ«ዓሣ» ቀጥሎ ያለው ሳል

ፀሐይ ፈቃድ ወጥታለች፤ እስከ ጥር አትገለጥም።
ኢናሪ ሐይቅ ጠጥሯል፤ መኪና ቢሄድበት ከእንግዲህ አይሰምጥም።
ሰባት ልጆች አሉኝ፣ ሰባት ጥንድ ቦት ጫማ ከበሩ ሥር ተደርድሮ፣
አንድ ካሴት ማጫወቻ፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ፣
አንድ እርሳስም አለኝ፤ ቃል አልጻፍኩበት፤
ማሽኑ ክሩን ሲበላ፣ ካሴቱ ጥርስ ውስጥ ሰክቼ የማጠነጥንበት።

በክሩ ላይ አንዲት ሴት አለች። አውኔ ትባላለች።
ከሞተች ሃያ ዓመቷ፤ ሰኞና ሐሙስ ታስተምራለች።
«ጀልባ» ትላለች። ከዚያ ዝም። ለእኛ የተተወ ክፍት።
ሰባት አፍ ይሞላዋል፣ አንዱ ጥርሱ ወልቆ፣ በፉጨት።
«መረብ» ትላለች። መረብ።
«ዓሣ» ትላለች። ዓሣ።
ቀጥላ ትስላለች፤ ኡሁ፣ ኡሁ፤ ሁለቴ፣ አጭር፣ ደረቅ።
ሰባቱም ይስላሉ፤ ኡሁ፣ ኡሁ፤ አንዱም ሳይስቅ።

በመጀመሪያው ዓመት «ይኼ ቃል አይደለም» ብዬ ላርም ሞክሬ ነበር።
ኢልታ የምትባል፣ ያኔ አምስት ዓመቷ፣ መለሰችልኝ በቁም ነገር፦
«ዓሣ እኮ አጥንት አለው። ሲጠሩት ይወጋል።»

ዝም አልኩ። እኔስ ማን ሆኜ?
እኔም ከዚሁ ክር ነው የለቀምኩት፣ በሠላሳ ዓመቴ፣
ማታ ማታ፣ በኩሽናው ጠረጴዛ፣ ስትተኛ እናቴ።
እናቴ የሳሚን ቋንቋ ታውቃለች፤ ለውሻዋ ታወራበታለች፤
ለእኔ ግን «ትምህርት ቤት ይቀጡሻል» ብላ ዋጠች።
ስለዚህ እኔም እስላለሁ፣ ከ«ዓሣ» በኋላ፤
ጉሮሮዬ ደህና ነው። አላውቅበትማ በሌላ።

ባለፈው ሳምንት ታኔሊ የሚባል ሰው ከከተማ መጣ፣ ሳጥን ተሸክሞ፤
ሰባት ታብሌት፣ ጠርዛቸው ላስቲክ፣ ቢወድቅ የማይሰበር።
«አውኔን አጠብናት» አለ። በኩራት ነበር።
እውነትም ጠርታለች። የግድግዳው ሰዓት ጠቅታ፣ የምድጃው ፍንዳታ፣
ውጭ የሚያላዝነው ውሻ፣ ሁሉም ተነሥቷል ከቦታ።
ቃሉን ሲነኩት ይዘገያል፤ እንደ ማር ክር ይረዝማል፤
የልጁ ድምፅ ከእሷ ድምፅ ጎን ቆሞ ይሰማል።
አልዋሽም፤ የሚላላውን ከሚጠብቀው መለየት፣ እኔ አሥር ዓመት የለፋሁበት፣
በአንድ ጠዋት ገባቸው፣ እንደ ዘበት።

ከዚያ «ዓሣ» መጣ።
«ዓሣ» አሉ።
ቀጥሎ ጸጥታ፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ እንደ ሆቴል አንሶላ።
ኢልታ ታብሌቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።
ጠበቀች።
ከዚያ ራሷ፦ ኡሁ፣ ኡሁ።
ስድስቱ ተከተሏት፦ ኡሁ፣ ኡሁ።
ታኔሊ ደንግጦ ውኃ ሊያመጣላቸው ተነሣ።

በሩ ተከፈተ። ቬይኮ ነው፤ ጣሪያ የሚጠርገው፣ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣
በእጁ አካፋ፣ ጢሙ ላይ አመዳይ፣ ዓይኑ ግን እንደ ልጅነቱ።
የአውኔ የመጨረሻ ልጅ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ክፍሌን ረግጦ አያውቅም፤
ሰኞና ሐሙስ፣ በረዶ ባይኖርም፣ ከጣሪያው አይወርድም።

«ሳል አይደለም» አለ።
አካፋውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።
«ሲቀዷት ሮጬ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበረ።
ማሽኑ እየዞረ፣ መቆጣት አትችልም። እንዲያ አለችኝ።
በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል ማለቷ ነው።»
የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በእናቱ ቋንቋ ደገመው፤
ቀስ ብሎ፣ በረዶው መሸከሙን በእግሩ እንደሚሞክር ሰው።

ማናችንም አልተነፈስንም።
ብርዱ ወለሉን ይዞ በቦት ጫማዎቹ መካከል ይመጣ ነበር።
ኢልታ ዞረችለት፤ ጀርባዋን አቀናች፣ በአስተማሪ ክብር፦
ኡሁ፣ ኡሁ።

ቬይኮ ዘጋው።
ከውስጥ በኩል።