ማብሪያው በዱላ ጫፍ

ማብሪያው ጠረጴዛው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ነው፤
ከገመድና ካቧራ ጋር ተጠላልፎ ያለው።
ድሮ እንበረከክ ነበር። አሁን ይኼ ጉልበቴ
«ውረድ» ስለው «አንተው ውረድ» ይለኛል፣ በገዛ ቤቴ።

ስለዚህ ያን የበረዶ መንሸራተቻ ዱላ፣
ሃያ ዓመት ጓዳ ቆሞ የከረመውን ተላላ፣
ጫፉን በጎማ ጠቅልዬ፣
ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣
ጎንበስ ሳልል፣ ቀዩን ቁልፍ
ጠቅ።

ጠቅ ሲል ቤቱ በየተራ ይነሣል፤
ሳጥኑ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
ድምፅ ማጉያው እንደ ድመት አንዴ ያስነጥሳል፤
ማተሚያው፣ ማን እንደጠራው እንጃ፣ ጥርሱን ያፋጫል።

የእህቴ ልጅ ሲኖቭ ናት ከትሮምሶ የላከችው፤
ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ፣ ነጭ ነው።
«ዋናው ሲነቃ» ብላ ጽፋለች «ሌሎቹም ይነቃሉ፤
ዋናው ሲተኛም አብረው እጥፍ ብለው ይተኛሉ።»
እንዲህ ያለ ታዛዥ ቤተ ሰብ
በሰባ አራት ዓመቴ አየሁ፤ ማን ያስብ!

ስክሪኑ ብቻ ነው አንጃ የሆነው።
ብልጭ ይላል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል፣ ድርግም።
ደግሞ ብልጭ። ደግሞ ድርግም።
ልክ በሩን ገርበብ አድርጎ ያየኝ እንግዳ፣
ሐሳቡን ለውጦ፣ እንደሚመለስ ወደ ሜዳ።

መጀመሪያ በሦስተኛው፣ ኋላ በስምንተኛው፣
ዲሴምበር ሲገባ ደግሞ በሃያ አንደኛው
ሙከራ ይበራ ጀመር።
ብርድ ነው ብዬ ጀርባውን በፀጉር ማድረቂያ ባሞቀው፣
ጎረቤቴ ጉንቮር ግድግዳውን መትታ፦
«ኦድቫር! ራሰ በራ ሆነህ ምንህን ነው የምታደርቀው?»

ሠላሳ ዓመት የመርከብ ሞተር ስፈታ ስገጥም ኖሬ
የሚያቃስት ብረት አልፈራም፤ በመዶሻ ተነጋግሬ
እንግባባለን። ይኼ ግን አያቃስት፣ አይጨስ፣ አይሸት፤
ዝም ብሎ ነው የሚመሽበት።

ከኢሳውሮ ጋር ቼዝ ይዘናል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላን ነው።
እሱ ሞንቴቪዴዮ፣ እኔ ቫርዶ፤ ፊቱን አላውቀው።
ላንድ እርምጃ ሦስት ቀን አለን። ሦስተኛው ነው፤ እኩለ ቀን፤
መስኮቱ ጥቁር፤ ፀሐይ ከኖቬምበር ወዲህ አልጎበኘችን።
ስክሪኑም ጥቁር። ብልጭታም የለ።
ሳጥኑ ግን ያጉረመርማል፤ ውስጡ ሰው አለ።

ጉንቮር የጀልባ ባትሪዋን ይዛ፣ የጫማዋን በረዶ አራግፋ ገባች፤
ሳትጠይቅ፣ ከጎን፣ አግድም፣ መስተዋቱ ላይ አበራች።
እነሆ! ከበረዶ ሥር እንዳለ ዓሣ፣ ደብዛዛ፣
ሰሌዳው እዚያው ነበር፤ ንግሥቴም ቦታ ይዛ።

የባትሪዋ ክብ ግን አራት ቤት ብቻ ትይዛለች።
«ይኼ ፈረስ ነው ወይስ ሻማ?» ትላለች።
«ፈረስ ነው፤ ወደ ቀኝ በይ፤ ተይ፣ ወደ ላይ፤ ቆይ!»
ንጉሡን ጥግ አገኘነው፤ ጠባቂ የሌለው መሳይ።
አቤት ደስታዬ! ንግሥቴን አስፈነጠርኳት። ላክሁ።
ያላበራነው ጥግ ላይ ግንቡ ቆሞ ነበር፤ ተበላሁ።

መልሱን ጉንቮር ፊደል በፊደል አነበበችው፦
«ወዳጄ፣ ታመሃል? ይህን ስሕተት ልጅም አይሠራው።
እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ መስኮቱን ከፍቼ ነው ያለሁት።»
«ደህና ነኝ፤ ጨለማ ነው» ብዬ ጻፍሁለት።

ሲኖቭ አዲስ ስክሪን ልካለች፤ የሐሙሱ መርከብ ይዞታል።
ሐሙስ ነፋስ ሆነ። መርከቡ ወደቡን ሳይነካ አልፏል።
መስኮቶቹ ሁሉ በርተው፣ ከነስክሪኔ፣ ሲሄድ አየሁት።
ሲኖቭ ስትደውል «ያሳዝናል» አልኳት።

ጠዋት ዱላዬን አነሣሁ። ጠቅ። ሳጥኑ ጠረገ ጉሮሮ፤
ማተሚያው ጥርሱን አፋጨ። ስክሪኑ ዝም፣ ተቀብሮ።
ግድግዳውን ሁለቴ መታሁ።
ጫማ ሲራገፍ ሰማሁ።
«ዛሬ ከየቱ ጥግ እንጀምር?» አለች፣ ባትሪዋን አብርታ።
«ቀስ በይ» አልኳት፤ «ሦስት ቀን አለን፤
ከታች፣ ከግራ፣ በእርጋታ።»