ባዶ ቦታውን ይሙሉ

ከኢሚግሬሽን በር ማዶ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር
አንድ እግሯ በጡብ የቆመ ጠረጴዛ አለችኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ ስጽፍ
የራሴን አንድ ደብዳቤ መጻፍ የነፈገችኝ።

ዋጋዬ የታወቀ ነው፦ ላንድ ገጽ አርባ ብር፤
ለሚያለቅስ ሰው ግማሽ፣ ለሚዋሽ እጥፍ ይሆናል፤
«ክቡር ሆይ» የምትል ቃል በነጻ ትጨመራለች፣
ያለ እሷ ማን ይሰማል?

በጥቅምት ማለዳ፣ ጣና ጉም ደርቦ፣
አንዲት ሴት መጣች ልጅ አዝላ፤
በእጇ የፕላስቲክ ከረጢት፣
ከረጢቱ ውስጥ ወረቀት፣ ወረቀቱ ውስጥ ሌላ።

ኢህላስ ትባላለች። በመተማ ገብታ፣ ጎንደር ላይ ከርማ፣
አማርኛዋ ገና ዳዴ ይላል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤
«ቱቲ ነው አገሬ» አለች፤ «ደሴት ነው፣ ካርቱም መኻል፣
ያንተ ውሃ ደጃችን ደርሶ ከነጩ ጋር ይቀላቀላል።»

«ስም» ሞላን። «የአያት ስም» ሞላን። «ጾታ»ም አላስቸገረ፤
«ቋሚ አድራሻ» ላይ ስንደርስ
እስክሪብቶዬ ባየር ላይ ቀረ።

እኛ ጋ ተረት አለ፦ አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።
ልነግራት ስል አፈርሁ፤
ጀርባዋ ላይ የተኛውን ልጅ አየሁና
ተረቱን ዋጥሁ።

የሥራ ፈቃድ ስትጠይቅ «ቀጣሪሽ ማነው?» ይላል መስኮቱ፤
ቀጣሪ ስትጠይቅ «ፈቃድሽ የታል?» ይላል ሱቁ፣ ቤቱ፤
እንደ አውድማ በሬ ዞረች፣ ከመስኮት ሱቅ፣ ከሱቅ መስኮት፣
ገለባው ሲደቅ እንጂ ፍሬ አላየችበት።

እሑድ የሽምብጥ እድር ተሰበሰበ።
«ድንኳን ሰፊው ስምንት ሺህ ጠየቀን» አለ ጋሽ ይስማው፣ ዳኛችን፤
እኔም ሳላስበው እጄን አወጣሁ፤ «አለች አንዲት እንግዳችን፣
ኦምዱርማን ገበያ የተማሪ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፤
የቸገራት ደብዳቤ ነው፤ መርፌማ ይዛ መጣች።»

ጉርምርምታ ሆነ።
«የኔዋ ልጅ» አለ ጫኔ ከጥግ፣ «ከጅዳ ባዶ እጇን መጥታ፣
ይኸው ዓመት ሞላት ግድግዳ ስታይ ውላ ስታይ አምሽታ።»

እውነቱን ነው። ዝም አልን።
እመት የሻረግ፣ ገንዘብ ያዣችን፣ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ታዲያ ታስተምራታ!» አሉ፤
«መኮያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶልን የሞተው ሁለት ሲንጀር
መጋዘን ውስጥ ከድስት ጋር ቀብር ሲጠብቅ ይኑር?»

ሰው ሳቀ። ተፈረመ። ደብዳቤውን እኔ ጻፍሁ።
ማኅተማችን «ቀብር ማስፈጸሚያ» የሚል ቃል አለበት፤
እንደዚያው መታነው፤
በቁም ሰው ስም ላይ ግን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያረፈበት።

ፈቃዱ ቶሎ አልመጣም። ሦስት ጊዜ ተመለሰች፦
አንዴ በፎቶው ጆሮዋ አይታይም ተብሎ፣
አንዴ መብራት ጠፍቶ፣ አንዴ ያለ ምክንያት።
በመጋቢት መጣ። ለአንድ ዓመት።

አሁን ማታ ማታ መጋዘኑ ብርሃን አለው።
የጫኔ ልጅ መኪናውን በእግሯ ትረግጣለች፤
ሰባት ሴቶች፣ ሸራውን ሊጠግን የመጣ አንድ ጀልባ ነጂ፤
«ቀጥ አርጊው! ቀጥ!» ኢህላስ በአማርኛ ትቆጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ፤ ለቅሶ ነበር።
ዝናብ ጣለ፤ አንድ ጠብታ አላለፈም።
ለቀስተኛው ሽቅብ አየ፣ ስፌቱን አየ፤
የማን እጅ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ልጁ መተማ ላይ ነው የተወለደ፤
ከኬላው ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ በዚያ ጨለማ ማን ያስተውላል?
ማክሰኞ ማክሰኞ ነጻ ጠበቃ መጋዘኑ ደጃፍ ይቀመጣል፤
«ይህ ረጅም ነው» ይላል፤ «ግን መንገድ አይጠፋም» ይላል።
«ዜግነት» የሚለው ላይ በእርሳስ ጻፍሁ፣ አሳስቼ፤
ቀለም የሚደረብበት ቀን አለ ብዬ፣ ቦታ ትቼ።

«ቋሚ አድራሻ»ንም ሞላን፦ ሽምብጥ፣ ከእድሩ መጋዘን ጀርባ፣
ቧንቧው አጠገብ፣ በአረንጓዴው በር ስትገባ።

ቀለም ያፈሰሰበትን ኪሴን ደግሞ ሰፋችልኝ፤
«ስንት ነው?» ብላት፣ ዓይኔን አየችና፣
«አርባ ብር፤ ለሚያለቅስ ግማሽ» አለችኝ።