አትለፍ

በርሜሉን ቀይ ቀብተው በገመድ አሰሩት፣
ቁንዝላን ከጣና በመስመር ለዩት፣
ለእኔም ፊሽካ ሰጥተው «ጠባቂ ነህ» አሉኝ፣
ብርቱካን ሰደርያ ከላይ አለበሱኝ።

ስሜ አንለይ ነው፤ እናቴ ናት ያወጣችው፣
ካባቴ ጋር ተኳርፋ በታረቀች ማግሥት ነው።
አሁን በወር ደሞዝ፣ በፊርማ፣ በማኅተም፣
ውሃን ከውሃ ስለይ እውላለሁ፤ አይገርምም?

ከበርሜሉ ወዲያ የብረት ምሰሶ
ተንጠልጥሏል ባየር፤ ሥሩ ውሃው ደፍርሶ፣
ማንም ሳይነግረው ነው ቀድሞን የሸሸው ቀረሶ።
መዶሻው ሲወርድ ጥርሴ ድረስ ይነዝራል፣
ደንገሉ ይሰግዳል፣ ዳርቻው ይርዳል፤
ጠላቂው ከታች ነው፤ በቱቦ ይተነፍሳል፣
«አለሁ» የሚለኝ አረፋው ነው፣ ቡልቅ ቡልቅ ሲል።

መሐንዲሱ ሲያስረዳኝ ቃሉ አጭር ነበረ፦
«ሁለት መቶ ሜትር። ጀልባም ይሁን ታንኳ፣ ከዚህ ካልተሻገረ
ሥራህን ሠራህ። ባዳ ቀላል ነው፤ ፊሽካ ይበቃዋል፤
ገመዱ የሚላላው ዘመድ ሲመጣ ነው፤ ያኔ ይለይልሃል።»

ዘመዴ መጣ።
ቅዳሜ ማለዳ፣ ጭጋጉን ሰንጥቆ፣
አያ ዋለልኝ፣ ከደቅ፣ ሎሚውን አጭቆ፣
ሌሊቱን ቀዝፎ፣ ጋቢው ጤዛ ጠጥቶ፣
ያቺን አሮጌ ታንኳ በክንዱ ብቻ ገፍቶ።
ጀርባውን እያየሁ ነው ቀዘፋ የገባኝ፣
ጉማሬ ሲያስነጥስ ዞር ማለት ያስለመደኝ።

ነፋሁ።
አልሰማም። ደግሜ ነፋሁ።
«አንለይ ነህ? ምን ያስጮህሃል እንደ ወፍ?»
«አያ፣ በዚህ አይታለፍ።»
«ታልፎ ነው የኖረው! አባቴ አልፏል፤ አያቴም አልፏል በዚህ።»
«እሱን ነው የምፈራው፤ እንዳታልፍብኝ ነው ማልጄ የቆምሁ እዚህ።»

ሳቀ መሰለኝ፤ ወይ ሳል ነው፤ ጭጋግ ውስጥ አይለይም።
«ዳር ዳሩን ነው የምሄድ፤ አንድ ነገር አልነካም።»
ገመዱን ጨበጠ። እጁ ገመዱ ላይ፣ የእኔ እጅ እጁ ላይ፣
ሁለታችንም አንጋጠን፣ ብረቱን ስናይ።
ብረቱ ዝም ብሏል። ቢወድቅ እውነተኛ ነኝ፤
ካልወደቀ ግን፣ የዘመድ መንገድ የዘጋ ነው የሚሉኝ።

ዞረ። በሰሜን በኩል፣ ሸምበቆውን ታክኮ፣
ነፋሱም ቀደመው፣ ማዕበሉን ልኮ፤
ደንገሉ ውሃ ጠጣ፤ ሎሚው ግማሹ ረገፈ፣
በበርሜሎቼ መሃል፣ ማንም ሳይነፋበት፣ ቢጫ ቢጫውን አለፈ።

ገበያው ሲፈታ ደረሰ። ጋቢውን እየጨመቀ
«ምን ወደቀ?» አለኝ፣ «እስኪ ምን ወደቀ?»
«ምንም።»
«እኮ!» ብሎኝ ሄደ። ሌላ መልስ የለኝም።

ምንም አልወደቀም ያን ቀን። በማግሥቱም እንደዚያው።
ጠላቂው ወጥቶ ሽሮ በላ፤ ፀሐይ ላይ ደረቀ ገላው።
ደሞዜ ለዚህ ነው፦ ለማይሆን፣ ላልሆነ ነገር፤
ላልሆነ ነገር ደግሞ ማን ምስጋና ይናገር?
ያልሰመጠ ታንኳ ወሬ አይወጣውም፣
ያልሞተም ሰው ቂም እንጂ ውለታ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ወደቡ አለቀ። ክሬኑን ፈትተው ጫኑት፣
በርሜሎቹን አውጥተው ለእህል ማስቀመጫ ሸጡት፣
ውሃው ተመልሶ ገጠመ፤ ስፌት እንኳ አይታይበት።

ትናንት ግን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከአዲሱ ወደብ ጫፍ ሆኜ ሳይ፣
አያ ዋለልኝ መጣ፣ ብቻውን ያ ሁሉ ጣና ላይ።
በርሜሉ የነበረበት ሲደርስ፣
ምንም በሌለበት፣ በባዶ ውሃ፣ መቅዘፊያውን መለስ፣
ታንኳውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሸምበቆው ቀለስ።

«እለፍ!» ልለው አፌን ከፍቼ፣ ከቃሉ የተነሣ ሆዴ ባባ፤
ዝም አልሁ። ዞረ። ሎሚው በደረቁ ገባ።