ወዘተ

ከመናኸሪያው ቁልቁል፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ማተሚያ ቤት አለችኝ፣ ለሦስት ሰው የማትሆን፤
የሠርግ ጥሪ አትማለሁ፣ የዕድር ደረሰኝ፣
ማርቆስ ሲያገባና ሲሞት ነው የሚያስታውሰኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ይታይሽ መጣች፣
ከማዳበሪያ ከረጢት ስድስት ሺህ መለያ አወጣች፤
አምና እኔው ራሴ ያተምኩላት፣
ወርቅማ ጠርዝ ያለው፣ ንብ የሣልኩላት፦
«የጮቄ ማር ቅባት። ማር፣ ቅቤ፣ ሬት፣ ወዘተ።»

«ተከለከለ» አለችኝ።
«ማሩ?»
«ወዘተው።»

ባሕር ዳር ለስብሰባ ጠርተዋት ነበር፤
ሳሙና ቆራጩ፣ ቅባት አቅላጩ፣ ሁሉም በወንበር፣
ቀን ሙሉ መመሪያ ሲነበብ፣ ሲተች፣
እሷ በደብተሯ ሦስት መስመር ይዛ ተመለሰች፦
በውስጥ ያለው ሁሉ በውጭ ይጻፍ።
የበዛው ይቅደም፣ ያነሰው ይሰለፍ።
የተከለከለው ከሦስት ወር አይለፍ።

«እንግዲህ ጻፍ» አለች፣ ወንበር ሳበችና፣
«የበዛው ይቅደም ካሉ፣ መጀመሪያ...»
ዝም አለች። የጎሚስታው ፓምፕ ነፋ፣ ነፋ፣ ቆመ።
«ውሃ።»
«ውሃ?»
«ውሃ። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት። ሰም። ቅቤ...»
ስድስት ዓመት ሙሉ በስሙ ተጠርታ፣
ማሩ ሰባተኛ ቆመ፣ ከሬቱ በታች፣ ወረፋ ገብቶ በዝምታ።

ውስጡን ለቄስ ነበር የአገሩ ልማድ፤
ቄስ ደግሞ የሰሙትን አያወጡም ገበያ መንገድ።
ይኸኛው ኑዛዜ ግን መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣
ዋጋ ተለጥፎበት፣ አምፖል በርቶበት ደግሞ!

«ሌላስ?» አልኳት። እርሳሴን እያየች፣
«ሌላም ነበር» አለች፣ ሻሿን ወደ አንገቷ ሳበች።
«በላስቲክ የሚመጣ፣ ከመርካቶ፣ ነጭ ዱቄት፤
ሻጩ ‹ማቅያ› ይለዋል፣ ስሙን አልጠየቅኩት።
ለሃያ ሊትር አንድ ማንኪያ። ፊት ያበራ ነበር፤
ስሙኒ ሳያጎድል ነው ሰው የሚገዛው፣ ሳይከራከር።
የወንድሜ ልጅ፣ እናናዬ፣ ዓመት ተቀባችው፤
ጉንጯን ብታየው...»
አልጨረሰችው።

«የቀረውን ጨሞጋ ልደፋው ድልድዩ ድረስ ሄድኩ፤
ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አየሁ፣ ተመለስኩ።
ጤና ቢሮ ወስጄ በሚዛን አስረከብኩ፣
ደረሰኝ ሰጡኝ። አንተ ያተምከው ነው፣ ግርጌው ላይ ስምህን አነበብኩ።»

መጻፉንስ ጻፍነው። ግን የት ይግባ ያ ሁሉ?
ብልቃጡ ጣት ያህል፣ እውነቱ ክንድ ያህሉ።
ፊደል አሳነስኩ፤ ጭራሽ ቁንጫ አስመሰልኩት፤
«ያለ መነጽር ይነበብ ተብሏል» አለችኝ፤ መለስኩት።
«ንቧን አውጣት» አለች። አወጣኋት። ስታመነታ ቆየችና፣
«ወርቁንም» አለች፣ ጠርዙን በጥፍሯ ቧጨረችና።
ወርቁ ወጣ፣ ሰሙ ቀረ፤
ዲማ ቅኔ የቆጠረው አጎቴ ይህን ቢያይ በሳቀ ነበረ።
«‹የጮቄ› የሚለውንስ?»
«ማሩ የጮቄ ነው። እሱን ተወው፤ እሱ እውነት ነው።»

ከዚያ የድስቱ ቁጥር፣ የተቀቀለበት ቀን፣ የሚያበቃበት፤
እናናዬ ደብተር ይዛለች አሉ፣ እያንዳንዱን ድስት የምትመዘግብበት።
«ስንት ሺህ ላትም?» አልኳት፣ ጥሩ ዋጋ አስቤ።
«ሁለት መቶ። ሲያልቅ እመጣለሁ፣ ያለውን ተሰብስቤ።
መመሪያ እንደ ሐምሌ ሰማይ ነው፤ ዳግም ቢገለበጥ፣
ስድስት ሺህ ወረቀት ታቅፌ አልቀመጥ።»

ከአሮጌዎቹ አንዱን መዝዤ፣ ጀርባው ነጭ ነውና፣
ሒሳቧን ጻፍኩላት፣ እጄ እንደለመደው፣ በደህና፦
ወረቀት። ቀለም። ድካም። ወዘተ።

አነበበች። ወዘተን ሰረዘች።
እርሳሴን መለሰችልኝ።
«ዘርዝር» አለች።